ሲያጌጡ ይመላለጡ፤ የአሮጌ መኪና ሞተር እድሳትና የፋብሪካ አጨራረስ ጥያቄ

የአሮጌ መኪና እድሳት በናይሮቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በአልፋ ሮሜዮ ባለቤቶች ክበብ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1970 የተጀመረው የኮንኩር ዴሌጋንስ ውድድር በንጎንግ መንገድ በሚገኘው የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ሲካሄድ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተሠሩ መኪኖች ታጥበውና ተወልውለው ይሰለፋሉ። ተመልካቹ በቅርጻቸው ይደሰታል፤ ዳኞችም ኮፋኖ አስከፍተው ሞተሩን ይመረምራሉ። ከሳውዝ ሲ እስከዚያ ሜዳ ያለው መንገድ ረጅም አይደለም። በሰፈሩ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በልጅነቱ በአዲስ አበባ ወይም በሐረር የሚያውቃቸውን ቮልስና ፔጆ በዚያ ሲያገኛቸው ልቡ ቢሞቅ የሚጠበቅ ነው። ከደስታው ቀጥሎ ግን ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ አለ። ኮፋኖው ሲከፈት የሚታየው ሞተር ከፋብሪካ የወጣው ሞተር ነውን? ወይስ የዛሬው ባለቤት ምኞት ነው?

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የቀለም ምርጫ ይመስላል፤ በመሠረቱ ግን የእውነት ጥያቄ ነው። የፋብሪካ አጨራረስ ሲባል ቅቡ ብቻ አይደለም። የትኛው ክፍል ተቀባ፣ የትኛው እርቃኑን ተተወ፣ ቡሎኑና ዳዶው በምን ተለበጠ፣ ቀለሙ የተረጨው ሞተሩ ከመገጣጠሙ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ምን ያህል ስስ ነበር፣ ምን ያህልስ ያብረቀርቅ ነበር የሚሉት ሁሉ በአንድነት የሚሰጡት መልክ ነው። ይህ መልክ የሠራተኞቹን ልማድ፣ የዘመኑን የቀለም ኬሚስትሪና የኩባንያውን የወጪ ስሌት ይዞ ይቆያል። የአዲስ አበባ መካኒክ ቴስታታ፣ ኮፋኖ፣ ጓርኒሲዮን ሲል የጣልያኖችን ዘመን በአፉ ይዞ እንደሚኖር ሁሉ፣ ሞተርም ያለፈባቸውን እጆች በገጹ ይዞ ይኖራል። ይህን ገጽ ሳያነቡ መቀባት የብራና ጽሑፍን ፍቆ በላዩ አዲስ እንደ መጻፍ ነው። አዲሱ ጽሑፍ ቢያምርም የተፋቀው አይመለስም።

እያንዳንዱ ሞተር የራሱ መልክ አለው

ናይሮቢ የመኪና ትዝታ ያላት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1953 በተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር ቮልስ በ1954፣ በ1957ና በ1962፣ ፔጆ 404 በ1963 እንዲሁም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ፣ ዳትሰን 240ዜድ ደግሞ በ1971ና በ1973 አሸንፈዋል። በ1963ና በ1968 መንገዱ እጅግ ከመክበዱ የተነሣ ውድድሩን የፈጸሙት መኪኖች ሰባት ብቻ ነበሩ፤ በሁለቱም ጊዜ ቀዳሚው ፔጆ 404 ነበር። ስለዚህ እነዚህን መኪኖች በዚህ ከተማ የሚያድስ ሰው በእጁ የያዘው የግል ንብረቱን ብቻ አይደለም፤ የሕዝብ ትዝታም ነው።

ለምሳሌ ቮልስን መውሰድ ይቻላል። ከኋላ የተቀመጠው ሞተሩ የውጭ አካሉ የማግኒዚየም ቅይጥ ሲሆን ፋብሪካው ሳይቀባ ይተወው ነበር። ከዕድሜ ጋር እየደበዘዘ ወደ ግራጫ ይለወጣል። ከላይ ያለው የማራገቢያ ሽፋንና በዙሪያው ያሉት ላሜራዎች በአብዛኛው ጥቁር ይቀቡ ነበር። ጥቁርነቱም ከንቱ ምርጫ አይደለም፤ ጥቁር ገጽ ሙቀትን ከሚያብረቀርቅ ክሮም የተሻለ እንደሚያወጣ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ሞተሩም በውሃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ዛሬ ግን በእድሳት ስም ላሜራው ክሮም ይለብሳል፤ አንዳንዴም ቀይ ወይም ቢጫ ይቀባል። የሚደንቀው፣ ባለቤቱ ሌላውን ሁሉ «እንደ ፋብሪካው ነው» ብሎ ሲያቀርብ ይህን ክሮም እንደ ጥቃቅን ጌጥ መቁጠሩ ነው።

የዳትሰን 240ዜድ ሞተር ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ብሎኩ ብረት ስለሆነ ሰማያዊ ተቀብቷል፤ ቴስታታው ግን አልሙኒየም ስለሆነ እርቃኑን ነው። ስለዚህ «የዳትሰን ሞተር ሰማያዊ ነው» የሚለው አባባል እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም። በዚህ ግማሽ እውቀት የተነሣ ሁለቱንም ሰማያዊ የሚቀባ አለ። ሰማያዊውም ራሱ ቀላል አይደለም። ለዓመታት በዘይትና በሙቀት የተጠበሰ ሰማያዊ ቀለም ወደ ቢጫ ስለሚያደላ አረንጓዴ መስሎ ይታያል። የተበላሸውን ቀለም ናሙና አድርጎ ወደ ቀለም ሻጭ የወሰደ ሰው የፋብሪካውን ሳይሆን የሃምሳ ዓመቱን ጭስ ቀለም ይዞ ይመለሳል።

የአልፋ ሮሜዮ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ የረቀቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ከጁሊዬታ ጋር የወጣው ባለ ሁለት ካምሻፍት ሞተር ብሎኩም ቴስታታውም አልሙኒየም ሲሆን ቀለም አልነካውም። እዚህ ፈተናው የቀለም ሳይሆን የመወልወል ነው። ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ አልሙኒየም ሻካራ ገጽ አለው፤ ሻካራነቱም የአሠራሩ ፊርማ ነው። በብርጭቆ ወረቀትና በመወልወያ ማሽን እንደ መስታወት እንዲያበራ ሲደረግ ፊርማው ይጠፋል፤ ከብረቱ ጋር የተጣሉት ምልክቶችና ቁጥሮችም ይደበዝዛሉ። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኸው ነው። ቀለም የተቀባ ሞተር ቀለሙ ሊነሣ ይችላል፤ ተፍቆ የሄደ ብረት ግን በምንም አይተካም።

ሁለት ወርቆች

እውነቱ ሁልጊዜ ደብዛዛው ነው ብሎ መደምደምም ስሕተት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው የጃጓር ኢ-ታይፕ የመጀመሪያ ባለ 3.8 ሊትር ሞተር ቴስታታው ወርቃማ ተቀብቶ ነበር። ያንን ወርቃማ ቀለም «የዘመኑ ባለጋራዥ ያመጣው ጌጥ ነው» ብሎ አንሥቶ አልሙኒየሙን ያጋለጠ ሰው፣ ትሕትናን ከእውነት ጋር ስላምታታ የፋብሪካውን አጨራረስ አጥፍቷል።

በሌላ በኩል የእንግሊዙ ቢ.ኤም.ሲ. ኩባንያ ሥሪት የሆነውን ሞሪስ ማይነርን እናንሣ ቢባል ታሪኩ ይገለበጣል። የዚህች መኪና ሞተር አረንጓዴ ይቀባ ነበር። ይሁንና ኩባንያው ያረጁ ሞተሮችን ተቀብሎ፣ አድሶ፣ «ጎልድ ሲል» በሚል ስም በምትክነት ይሸጥ ነበር፤ እነዚህም እንደ ስማቸው ወርቃማ ይቀቡ ነበር። እንግዲህ አንድ አዳሽ ጥቁሩን ቀለም ሲፍቅ ከሥሩ ወርቃማ ቢያገኝ ምን ሊል ይገባዋል? «ሞተሩ ሲወለድ ወርቃማ ነበር» ቢል ተሳስቷል። «ይህ የኋላ ቀለም ነውና አረንጓዴ ልቀባው» ቢልም እውነቱን አላገኘውም፤ ምክንያቱም ያ ሞተር ከዚያች መኪና ጋር አልተወለደም። ወርቃማው ቀለም የሚመሰክረው የመጀመሪያው ሞተር ደክሞ በሌላ መተካቱን ነው። ምትክ ሞተርን አረንጓዴ ቀብቶ ከመኪናው ጋር የተወለደ አስመስሎ ማቅረብ፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ በቀለም የተጻፈ የሐሰት ምስክርነት ነው። ትክክለኛው ፍርድ ወርቃማውን ጠብቆ የመኪናዋን ሁለተኛ ሕይወት መናገር ነው።

ከእነዚህ ሁለት ወርቆች የሚወጣው ቁም ነገር ግልጽ ነው። ቀለም ብቻውን አይናገርም። ከሞተሩ ቁጥር፣ ከመዝገቡና ከብረቱ ጋር ተያይዞ መነበብ አለበት።

ማስረጃው የት ይገኛል?

ብዙ ባለቤቶች ምርመራውን የሚጀምሩት ከወረቀት ነው። ይህም ተገቢ ነው። በእንግሊዝ አገር ጌደን የሚገኘው የብሪታንያ የሞተር ሙዚየም ለብዙ የእንግሊዝ መኪኖች፣ በጣልያን አሬዜ ያለው የአልፋ ሮሜዮ የሰነድ ማእከል ለአልፋዎች የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። ወረቀቱ መኪናው የተሠራበትን ቀን፣ የሞተሩን ቁጥር፣ የቦዲውን ቀለም፣ አንዳንዴም የተላከበትን አገር ይናገራል። የሞተሩ ቡሎኖች በምን እንደተለበጡ፣ ብሎኩ ምን ያህል እንደሚያብረቀርቅ ግን አይናገርም። ለፋብሪካው ያ ዘወትራዊ ሥራ ነበርና የሚመዘግበው አልነበረም። የማስታወቂያ ፎቶግራፎችም በጥንቃቄ ካልታዩ ያሳስታሉ፤ ለፎቶ የቀረበ ሞተር ተመርጦ የተወለወለ ነው፤ የኅትመት ቀለሙም ከእውነተኛው ይርቃል።

ስለዚህ ዋናው መዝገብ ራሱ ብረቱ ነው። ፀሐይ፣ ዘይትና የመካኒክ ብሩሽ ያልደረሱባቸው ቦታዎች አሉ፤ የዲናሞው ማሰሪያ ሥር፣ የውሃ ፖምፓው ጀርባ፣ የቁጥር ሰሌዳው ሥር፣ ሞተሩ ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበት መቀመጫ። እነዚህ ክፍሎች በቀስታ ሲፈቱ የመጀመሪያው ቀለም ከነትክክለኛ ድምቀቱ ሊገኝ ይችላል። ሌላው ዘዴ ቅቡን በለሰለሰ የብርጭቆ ወረቀት በክብ እየፈገፈጉ መውረድ ነው። ንብርብሮቹ እንደ ግንድ ቀለበት ተራ በተራ ይታያሉ፤ ከላይ የቅርቡ፣ ከዚያ የቀድሞው ባለቤት፣ ከሥር የፋብሪካው።

የቀለሙ አረጫጨትም መታየት አለበት። በብዙ ፋብሪካዎች ቀለሙ የሚረጨው ሞተሩ ከተገጣጠመ በኋላ ስለነበር የጓርኒሲዮኑ ጠርዝና የቡሎኖቹ ራስ ሳይቀሩ ቀለም ይነካቸው ነበር፤ በአንጻሩ መርጫው ያልደረሰበት ሥርቻ እርቃኑን ይቀር ነበር። የዛሬ አዳሽ ክፍሎቹን ለየብቻ ቀብቶ፣ ቡሎኑን ሁሉ በአንድ ዓይነት ወርቅማ ልባጥ አሳምሮ ሲገጥማቸው፣ ሥራው ከጉድለት የጸዳ ይመስላል። አዋቂ ዓይን ግን ሐሰቱን የሚያገኘው ከዚያው ጽዳት ነው። የፋብሪካ ሠራተኛ በሰዓት የሚሠራ እንጂ ጌጥ የሚያወጣ አልነበረም።

እዚህ ላይ የናይሮቢን የሥራ ልማድ መተቸት ግድ ይሆናል። ከሳውዝ ሲ የሞምባሳን መንገድ ተሻግሮ በሚገኘው ኢንዱስትሪያል ኤሪያ፣ በኪሪንያጋ መንገድም ሆነ በሌላ ስፍራ የሚሠሩ ፉንዲዎች ብርቱ ባለሙያዎች ናቸው። ነገር ግን ሞተር ሲገባላቸው የመጀመሪያው ሥራ ብዙ ጊዜ በኮስቲክ ሶዳ መቀቀል ወይም በአሸዋ ርጭት መፋቅ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ የግማሽ ምዕተ ዓመት ማስረጃ ታጥቦ ይሄዳል፤ ኮስቲክ ሶዳው በአልሙኒየም ላይ ካረፈ ደግሞ ብረቱንም ይበላዋል። ጥፋቱ የፉንዲው አይደለም። «እንዲያበራ አድርግልኝ» ብሎ ያዘዘው ባለቤቱ ነው። ማስረጃ እንዲጠብቅ የታዘዘ ፉንዲ ይጠብቃል፤ እንዲያበራ የታዘዘ ያበራል።

የትኛው ፋብሪካ?

በምሥራቅ አፍሪካ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። ኬንያ በ1970ዎቹ በናይሮቢ፣ በቲካና በሞምባሳ የመኪና መገጣጠሚያዎችን አቋቁማለች። በቲካ ላንድሮቨር፣ በሞምባሳ ፔጆ 504 ይገጣጠሙ ነበር። እንዲህ ባለው መኪና ሞተሩ በአብዛኛው ተሠርቶ ከባሕር ማዶ ሲመጣ ቦዲው ግን የሚቀባው እዚሁ ነበር። ስለሆነም የአንዱ ፔጆ 504 ሞተር ስለ ፈረንሳይ ሲመሰክር የቦዲው ቀለም ስለ ሞምባሳ ይመሰክራል። በአውሮፓ የታተመ መጽሐፍ ገልጦ «ከዚህ ጋር አይስማማም» ብሎ የሞምባሳውን አሠራር መደምሰስ የአካባቢውን የኢንዱስትሪ ታሪክ መደምሰስ ነው።

በሳውዝ ሲ ፖፖ መንገድ ላይ ዋና መሥሪያ ቤቱ የሚገኘው የኬንያ የደረጃዎች ቢሮ፣ በጠቅላላው ከስምንት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ የሚያዝዘውን ደረጃ ያስፈጽማል። ከዚህ የተነሣ በከተማዋ የሚታዩት ብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ያረጁት እዚሁ ነው። በገጻቸው ያለው ጠባሳ፣ የተተካው ቡሎን፣ በእጅ የተቀባው ቴስታታ የዚህ አገር ታሪክ ነው። ከውጭ የሚገዛ መጽሐፍ ይህን ታሪክ አልያዘም። የያዘው መኪናው ብቻ ነው።

የውድድሩ ሚዛን

በዓለም ደረጃ ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር ስለ ሕንጻና ሐውልት ሲደነግግ እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ እንዲቆም አዟል። የዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ደግሞ ባጸደቀው የቱሪን ቻርተር ተመሳሳዩን መንፈስ ወደ መኪና አምጥቶ፣ መጠበቅን ከማደስ አስቀድሟል። በአሜሪካ በ1974 የተቋቋመው የኮርቬት አዳሾች ማኅበር የሚዳኘው መኪናው ከፋብሪካ በወጣበት መልክ ስለሆነ፣ ከዚያ አብልጦ ማሳመር ነጥብ ያስቀንሳል።

በተቃራኒው የሚቀርበው መከራከሪያ ቀላል አይደለም። አንደኛ፣ ውድድርና ሽልማት ባይኖር ብዙዎቹ መኪኖች ተቆራርጠው ለብረታ ብረት ሻጭ በሄዱ ነበር። ሁለተኛ፣ የፋብሪካው ቅብ ስስና ደካማ ነበር፤ በናይሮቢ አቧራና ዝናብ የሚነዳ መኪና የተሻለ መከላከያ ይሻል። ሦስተኛ፣ የገዛ ንብረቱን እንደ ወደደ ማድረግ የባለቤቱ መብት ነው። ሦስቱም እውነትነት አላቸው። ይሁን እንጂ እርቃን ብረትን በሰም ወይም በስስ ዘይት መጠበቅ ይቻላል፤ ሰም ነገ ይነሣል፤ ክሮም ግን በቀላሉ አይነሣም። መብቱም ቢሆን የማድረግ መብት ነው እንጂ ያልሆነውን ነው የማለት መብት አይደለም።

ልዩነቱን ለመረዳት በሐረር ለአሥርተ ዓመታት በታክሲነት ያገለገሉትን ፔጆ 404ዎች ማሰብ ይበቃል። የተቀያየረ ዕቃ፣ የተደራረበ ቀለም፣ በየጋራዡ የተፈጠረ ብልኀት ሁሉ በእነርሱ ላይ አለ። ማንም ግን «እንደ ፋብሪካው ናቸው» አላለም። ስለዚህ አልዋሹም። በሰልፍ ላይ «ኦሪጅናል» ተብሎ የቀረበው፣ ከላይ ሲያዩት ያማረ፣ ውስጡን ለቄስ የሆነው ሞተር ግን ዋሽቷል።

እንግዲህ የሚጎድለው ምንድን ነው? የሚጎድለው የማስረጃ ክብር ነው። በጥቂት ደቂቃ ምልከታ የሚሰጥ ፍርድ ለዓይን የሚበራውን ማስቀደሙ አይቀርም። ዳኛው ንጽሕናን ሲመዝን «ይህ ቀለም ከየት መጣ?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ቢጨምርበት ብዙ ነገር ይለወጣል። ባለቤቱ ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት ያነሣቸውን ፎቶግራፎች፣ በከረጢት ለይቶ ያስቀመጣቸውን የድሮ ቡሎኖች፣ የቀለም ንብርብሮቹን መዝገብ ይዞ ቢቀርብና ለዚህም ነጥብ ቢሰጠው፣ የውድድሩ ሽልማት ከመወልወያ ጨርቅ ወደ እውቀት ይሸጋገራል። ከሁሉም በላይ፣ ሞተሩ እንደገና መቀባቱ ግድ ቢሆን እንኳ፣ በማይታይ ሥርቻ ጥፍር የሚያህል የመጀመሪያ ቅብ ሳይነካ ቢቀር፣ ነገ የሚመጣ መርማሪ የዛሬውን ሥራ ሊፈርድበት ይችላል። ሊፈረድበት የማይፈራ እድሳት ብቻ ነው እድሳት ሊባል የሚገባው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን ከናይሮቢ ሰልፍ ያለፈ ትርጉም አለው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስናለች። በዚያው ዓመት ለሕዝብ በተከፈተው የብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መኪኖች ለእይታ ቀርበዋል። የቤንዚን ሞተር ከዕለት መገልገያነት ወደ ቅርስነት የሚያልፍበት ዘመን ተቃርቧል ማለት ነው። አሮጌው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በአዲስ የዘይት ቀለም ሲደፈን ያየ ሕዝብ፣ በበጎ ፈቃድ የሚፈጸም ጥፋት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያውቃል። በአዲስ አበባ ጓሮዎች ጎማቸው ረግቦ የቆሙት ቮልሶችና ፊያቶች ነገ አዳሽ ያገኛሉ። የሚያገኙት አዳሽ ብሩሽ ከማንሣቱ በፊት የሚያነብ ከሆነ፣ ከእነርሱ ጋር አንድ ሙሉ ዘመን ይተርፋል።